ግልጽ ደብዳቤ፦ በር ላይ ቆሜ የክትባት ካርድ ስጠይቃችሁ የነበርኩት እኔ ነኝ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣
እንዲሁም ቀጣዩን ደንብ ለምትጽፉ የጤና ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ።

ብዙዎቻችሁ ስሜን አታውቁትም፤ ፊቴን ግን ታስታውሱት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022፣ በዚያ አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ብርድ፣ አንድ የሐበሻ ሬስቶራንት በር ላይ ቆሜ "የክትባት ካርድ ይዛችኋል?" ስላችሁ የነበርኩት ልጅ ነኝ። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችሁ አሳያችሁኝ። አንዳንዶቻችሁ ተቆጣችሁኝ። አንድ አባት ደግሞ ምንም ሳይቆጡ ተመለሱ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአብዛኛው በእሳቸው ምክንያት ነው።

ለምን ዛሬ ትሉኝ ይሆናል። በቅርቡ ልጄን ትምህርት ቤት ሳስመዘግብ የክትባት ወረቀቷን ጠየቁኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁ። ለሰከንድ እንኳ አላሰብኩበትም። ከኋላዬ የተሰለፉት እናቶችም እንደዚያው። "ምን አገባችሁ" ያለ የለም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁጭ ስል ነው ያ ወር ትዝ ያለኝ። ያም ወረቀት፣ ይህም ወረቀት። ታዲያ ያኔ ምን ሆነን ነው እንደዚያ የተጣላነው?

ለረሳችሁት ላስታውስ። ደንቡን ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ያስታወቁት ዲሴምበር 22 ቀን 2021 ነው። ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ዝርያ ከተማውን እያጥለቀለቀ ነበር። ከጃንዋሪ 15 ጀምሮ ዕድሜው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ሬስቶራንት፣ ባር ወይም ጂም ለመግባት ቢያንስ አንድ ዶዝ መከተቡን ማሳየት ነበረበት። አዋቂ ከሆነ መታወቂያም ይጨመራል። ምግቡን ይዞ የሚሄድ አይጠየቅም። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ሱፐርማርኬት አይጠየቅም። ፌብሩዋሪ 15 ላይ ወደ ሁለት ዶዝ ከፍ ይላል ተብሎ ነበር፤ በዚያው ቀን ደንቡ ጭራሽ ተነሳ። በቃ፣ አንድ ወር ነው። ግን በዚያ አንድ ወር ውስጥ ስለ እኛ ሰው ያወቅኩት ነገር ከዚያ በፊት በአስተናጋጅነት ካሳለፍኳቸው ዓመታት ይበልጣል።

የጥምቀት ሰሞን ነው። እኚያ አባት ከሴት ልጃቸውና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር መጡ። ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው። ነጠላቸውን ከካፖርታቸው በላይ አጣፍተዋል። ልጃቸው ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየችኝ። ትንንሾቹ ገና 12 አልሞላቸውም። ወደ እሳቸው ዞርኩ።

"አባባ፣ የክትባት ካርድ ይዘዋል?"

"አለኝ እንጂ የኔ ልጅ" አሉና ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ፌስታል አወጡ። ፌስታሉ ውስጥ ፖስታ አለ። ፖስታው ውስጥ ቢጫ ካርድ። ያቺ ከአገር የወጣ ሁሉ የሚያውቃት ቢጫ ካርድ። የቢጫ ወባ ክትባታቸው ተሞልቷል። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ "አስትራዜኒካ" ተብሎ ተጽፏል፤ ክብ ማኅተም ተመትቶበታል። የመጀመሪያው ዶዝ ቀን 12/9/2013 ይላል።

እኔ ወዲያው ገባኝ። ግንቦት 12 ቀን 2013 ነው። እዚህ ሜይ 20 ቀን 2021 ማለት ነው። ኢትዮጵያ ክትባቱን የጀመረችው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው። እሳቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ወረፋ ጠብቀው የተከተቡ ሰው ናቸው ማለት ነው። ግን ያንን ካርድ የእኛን ዘመን አቆጣጠር የማያውቅ ተቆጣጣሪ ቢያየው ምን ብሎ ያነበዋል? ዲሴምበር 9 ቀን 2013። ኮሮና ከመምጣቱ ስድስት ዓመት በፊት የተወሰደ የኮሮና ክትባት! በዚያ ላይ አስትራዜኒካ አሜሪካ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት አልነበረም። እኔ እንዳየው የተነገረኝ ነጩን የአሜሪካ ካርድ ነው። የቤቱ ባለቤትም ጠዋት ሰብስቦን "ከተቀጣን መዘጊያችን ነው" ብሎናል። እውነቱን ነው፤ ያኔ በሁለት ዓመት ኪሳራ ጫፍ ላይ ነበር።

"አባባ ይቅርታ፣ ይሄ የሚሆን አይመስለኝም" አልኳቸው።

"ቦሌ ላይ በዚሁ ነው ያሳለፉኝ። ዳለስ አየር ማረፊያም በዚሁ ነው የገባሁት። አንቺ በር ላይ ልቀር ነው?"

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ደግሞም እውነታቸውን ነው። ከኖቬምበር 8 ቀን 2021 ጀምሮ ከውጭ አገር በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ ሙሉ በሙሉ መከተቡን ማሳየት ነበረበት። የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበላቸው ክትባቶች ይቆጠሩ ነበር፣ አስትራዜኒካም ጭምር። አገሪቱ ያስገባቻቸውን ሰው እኔ ምሳ ቤት በር ላይ አቆምኳቸው። ካርዱን ወደ ፖስታው፣ ፖስታውን ወደ ፌስታሉ መለሱት። ብርዱ ጣታቸውን አደንዝዞት ስለነበር ጊዜ ወሰደባቸው። ልጃቸው ልትናገረኝ ስትል "ተያት፣ ታዝዛ ነው" አሏት። ሄዱ።

ታዝዛ ነው። ይህቺ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ማን እንዲህ እንደሚናገር እናውቃለን። በይለፍ ወረቀት ዘመን የኖረ ሰው ነው። ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ለመሄድ ወረቀት፣ ስኳር ለመውሰድ ካርድ፣ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ መሰለፍ፣ መታወቂያ ማውጣት፣ ጠያቂውን ወጣት ላለማስቆጣት ዝቅ ብሎ ማናገር። እኔ ያንን ዘመን አላየሁትም። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የምታስበው ወረቀቶቿ የት እንዳሉ ነው።

በዚያው ሳምንት የገጠመኝን ሌላ ሰው ልንገራችሁ። ታክሲ ሹፌር ነው፣ ደንበኛችን ነው። "እህቴ፣ እኔ ተከትቤያለሁ። ሁለቱንም ወስጃለሁ። ካርዱ ኪሴ ውስጥ አለ። ግን አላሳይሽም" አለኝ።

"ለምን?"

"ወረቀት አሳይ የሚሉኝን ሸሽቼ ነው እዚህ የመጣሁት።"

ጥብሱን በፌስታል አስቋጥሮ ወጣ። በመስኮቱ ሳይ መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይበላል። መስታወቱ በእንፋሎት ደፍኗል። ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ውስጥ ባዶ ጠረጴዛ አለ፣ እሱ ግን መኪና ውስጥ።

ኃላፊዎች፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንድትቆሙ እለምናችኋለሁ። አለመከተብ ሌላ ነው። ካርድ አለማሳየት ሌላ ነው። እናንተ ጋ ሁለቱ አንድ ሳጥን ውስጥ የገቡ ይመስለኛል። እኔ በር ላይ ያየሁት ግን የተከተበ ሆኖ የማያሳይ፣ ያልተከተበ ሆኖ ያለ ቅሬታ የሚመለስ፣ "ጎሽ፣ ጠይቂ" የሚል፣ ለሌላው ሰው ሲል የሚያሳይ ነው። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው። ምክንያቱን የሚጠይቅ ግን አልነበረም።

አንዲት እህት አለች፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ። በ2020 ስትንከባከባቸው የነበሩ ሽማግሌዎች በየተራ ሲሄዱባት አይታለች። ያን ወር አንድ ቀን መጣች። ካርዷን ሳልጠይቃት አወጣች። "ምግብ ቤት ገብቼ ቁጭ ብዬ ስበላ ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። የገባሁት አንቺ በር ላይ ስለቆምሽ ነው" አለችኝ። ስለዚህ ያ ካርድ ለአንዱ ኬላ ሲሆን ለሌላው መተማመኛ ነበር። ደንቡ ከንቱ ነበር የሚሉኝ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ እሷን አስታውሳለሁ።

ሌላዋ ደግሞ ጠጋ ብላ፣ በሹክሹክታ "የኔ እመቤት፣ ይሄ የአውሬው ምልክት ነው" አለችኝ። እንደ እሷ ያሉትን መሳቂያ ያደረጉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። እኔ አልሳቅኩም። ቃሉን ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቼዋለሁና። ምልክቱ የሌለበት መግዛትም መሸጥም አይችልም ይላል። እኛ ደግሞ በር ላይ ቆመን "ይህ ከሌለሽ እዚህ ተቀምጠሽ መብላት አትችይም" እያልናት ነው። በእሷ ጆሮ ምን ሆኖ እንደሚሰማ አስቡት። ክትባት የአውሬው ምልክት አይደለም፤ ይህን ከልቤ አምናለሁ፣ ራሴም ተከትቤያለሁ። ግን ያን የሚያስረዳት በር ላይ የቆመች አስተናጋጅ አይደለችም። የንስሐ አባቷ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ ማንም ቀድሞ አላማከራቸውም። በነገራችን ላይ እሷ የመጣችው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ቆማ አስቀድሳ፣ ማንም ሳይጠይቃት ወጥታ፣ ነው እኔ በር ላይ የደረሰችው። "እዚያ የማይዘኝ እዚህ ሊይዘኝ ነው?" ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?

ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ አለ። ኢስተርን አቬኑን ከተሻገርክ ሜሪላንድ ነው፤ እዚያ የሚጠይቅ የለም። ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያም የሚጠይቅ የለም። ያው እንጀራ፣ ያው ወጥ፣ ያው ሙዚቃ፣ ያው ሰው። ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛዎቻችን ባዶ ሲሆኑ ሰዉ የት እንዳለ እናውቅ ነበር። ቫይረሱ የክልል ወሰን አያውቅም፣ ደንቡ ግን መንገድ ሲያቋርጡ ያልቃል። ይህንን የሚያይ ሰው ደንቡን በቁም ነገር ቢይዘው ነው የሚገርመኝ።

የሚከብደኝ ጥያቄ ግን ይኼ ነበር፦ "የተከተበውንም እየያዘው ነው። ታዲያ ካርዱ ምን ይሠራል?" በቀን አምስት ስድስቴ እጠየቅ ነበር። የጠየቁኝ ሰዎች ልክ ነበሩ። ኦሚክሮን የተከተበውንም ይዟል፣ ከተከተበውም ወደ ሌላው ተላልፏል። እኛ ቤት ራሱ ሦስት የተከተቡ ልጆች በአንድ ሳምንት ተኝተዋል። ክትባቱ በደንብ የሠራው በጽኑ ከመታመምና ከመሞት በማዳን ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያን ወር ሆስፒታሎቹ ሞልተው ነበር። አንድ ሰው ክትባቱን በመውሰዱ ሆስፒታል ካልገባ ያ አልጋ ለሌላ ሰው ይተርፋል። መልሱ እንግዲህ ይኼ ነው። እኔ ይህን መልስ ያገኘሁት ግን ደንቡ ከተነሳ በኋላ፣ በራሴ ጊዜ አንብቤ ነው። በር ላይ ሳለሁ "እኔ እንጃ፣ ሕግ ነው" ብቻ ነበር የምለው። "ሕግ ነው" ደግሞ ለእኛ ሰው ማስረጃ አይደለም፣ ማስፈራሪያ ነው።

ሰው ካርድ በማሳየት መጣላቱ የእኛ ብቻ አመል አይደለም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ በፈንጣጣ ክትባት ተካሰዋል። አንድ የማሳቹሴትስ ሰው ባለመከተቡ የተጣለበትን 5 ዶላር ቅጣት አልከፍልም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1905 ተረትቷል። በኮሮና ጊዜ ፍሎሪዳና ቴክሳስ ጭራሽ የክትባት ማረጋገጫ መጠየቅን ሲያግዱ፣ እስራኤል በፌብሩዋሪ 2021 "አረንጓዴ ማለፊያ" ጀመረች። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን በጁላይ 2021 የጤና ማለፊያ ለሌለው ካፌ ዝግ ነው ሲሉ በአንድ ቀን ከ900 ሺህ በላይ ሰው የክትባት ቀጠሮ ያዘ። በየቅዳሜው ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው ሰልፍ ወጣ። ማስገደድ ቁጥር ያመጣል፤ ያንን አልክድም። ቂም ግን አብሮ ይመጣል።

እኛስ ቢሆን ከመቼ ወዲህ ነው የክትባት ወረቀት የጠላነው? ጤና ጣቢያ የተሰጠንን የልጅነት ካርድ እናቶቻችን ከወርቃቸው ጋር ነው ያስቀመጡት። ዲቪ የደረሰን ሁሉ ሐኪም ፊት ቀርበን ክትባታችንን ሞልተን ነው ቪዛ ያገኘነው። ቢጫ ካርድ ሳንይዝ የማያሳልፉን አገሮች እንዳሉም እናውቃለን። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. ቢጫ ወባ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገብቶ ወደ 30 ሺህ ሰው እንደጨረሰ የሚገመት አገር ልጆች ነን። ወረቀት ማሳየት አዲስ ነገራችን አይደለም። ግን እነዚያን ሁሉ የጠየቀን ነርስ ነው፣ ሐኪም ነው፣ ቀድሞ በታወቀ ቀን ነው፣ በር ዘግቶ ነው። እንግዳ ይዘን ለምሳ በመጣንበት፣ በሰው ፊት፣ ብርድ ላይ አይደለም። በእኛ ባህል ቤት የመጣን ሰው "ግባ፣ ቤት ለእንግዳ" ነው የምንለው። በር ላይ አቁሞ "ምን ይዘሃል?" ማለት ነውር ነው። እኔ ያን ወር በየቀኑ ነውር ስሠራ ነው የዋልኩት፤ ማታ ቤቴ ስገባ የሚሰማኝ እንደዚያ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ቋንቋ። ዲሲ አማርኛን ከመንግሥት አገልግሎት ቋንቋዎቿ አንዱ አድርጋ በሕግ ከያዘች ቆይታለች፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። በዚህ እኮራለሁ። ግን ያን ሰሞን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የነበረ አንድ የአማርኛ ማስታወቂያ ነበር፤ ማን እንዳዘጋጀው አላውቅም። "ቢያንስ አንድ ተኩስ ያገኘ ሰው ብቻ መግባት ይችላል" ይላል። እንግሊዝኛው መርፌንም ተኩስንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ማሽኑ ተኩሱን መርጧል። ያ ወር አገራችን ውስጥ ጦርነት ያለበት ወር ነው። ስንቶቻችን ወንድም ሞቶብን፣ ስንቶቻችን ስልክ አልገባ ብሎን የወላጆቻችንን ድምፅ ሳንሰማ ወራት አልፈውብን ነበር። ያንን ጽሑፍ አንዲት እናት "አንብቢልኝ" ብላ ስትሰጠኝ ምላሴ ተሳሰረ።

ስለዚህ ኃላፊዎች፣ ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ (አይምጣ፣ ግን ይመጣል) የምለምናችሁ ይህን ነው። አማርኛውን አማርኛ የሚያወራ ሰው ይጻፈው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ጮክ ብሎ አንብቦ ያርመው። ካርዱን ማየት ግድ ከሆነ፣ ለምን እንደሚታይ በሦስት ቀላል ዓረፍተ ነገር በር ላይ ይለጠፍ፤ ክትባቱ የማያደርገውንም ሳትደብቁ። ከየአገሩ የሚመጡ ካርዶች ምን እንደሚመስሉ፣ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እንዴት እንደሚቀየር የሚያሳይ አንድ ገጽ ለእያንዳንዱ ቤት ይሰጥ። እኔ አይቼ እንደምመልስ፣ የማልመዘግብና ለማንም የማልልክ መሆኔ ይጻፍ፤ ከሚፈሩት ግማሾቹ የሚፈሩት ይህንን ነበርና። የሚያበቃበት ምልክት ከጅምሩ ይነገር። ከጎረቤት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩት። ከሁሉም በላይ ግን፣ ያን ሥራ በቲፕ የምትኖር አስተናጋጅ ላይ ብቻ አትጣሉት። የእድር ሰብሳቢዎች አሉ፣ ካህናትና ሼኮች አሉ፣ ጡረታ የወጡ ነርሶቻችን አሉ። ደንቡ ሳይወጣ ጥሯቸው። ከወጣ በኋላ መጥራት ማስፈጸሚያ ማድረግ ነው።

ወገኖቼ፣ ለእናንተም አለኝ። በር ላይ የምትቆመው ልጅ ደንቡን አላወጣችውም። ያን ወር ካርድ የወረወሩብኝ አሉ። "አገርሽ ሆነሽ እንዲህ ታደርጊ ነበር?" ያሉኝ አሉ። አንዱ ደግሞ ካርዱ ላይ የተለያየ ቀን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽፎ መጣ፤ ማኅተም የለው፣ የክትባቱ መለያ ቁጥር የለው። አይቼ ዝም አልኩ። እሱም ማየቴን አውቆ ዓይኑን ሰበረ። እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ግን ያን ቀን ያቺ የመጦሪያው እህት ከጎኑ ጠረጴዛ ተቀምጣ ነበር፤ እኔን አምና ነው የገባችው። ጥርጣሬ ካላችሁ መጥታችሁ ንገሩን፣ ተከራከሩን፣ አትግቡ፣ ምግቡን ይዛችሁ ሂዱ። የውሸት ካርድ ግን አታምጡ። ደግሞ ነጩን ካርድ ያስቀመጣችሁበትን ፈልጉት፤ ከጠፋ የከተባችሁን ፋርማሲ ጠይቃችሁ መዝገባችሁን አሳትሙ። አገር ቤት የተከተበ እናትና አባት ያላችሁ፣ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አብራችሁ ጽፋችሁ ያዙላቸው።

እኚያን አባት ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ልጃቸውን ሁለቴ አይቻታለሁ፣ ሰላም ተባብለን አልፈናል፤ ለመጠየቅ አፈርኩ። ይህ ደብዳቤ እጅዎ ከገባ፣ አባባ፦ 12/9/2013 የሚለውን ያን ዕለት አንብቤዋለሁ። ግንቦት መሆኑም ገብቶኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሲመጡ ጠረጴዛው ከማሞቂያው አጠገብ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አስተናጋጇ፣ ዋሽንግተን ዲሲ